ዚፑ ብቻ አልነበረም

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጄ ዳቦዋን በአፏ ይዛ ከቡትሷ ጋር ትታገላለች፤ እኔ የመኪናውን ቁልፍ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ረፈደ!» እላለሁ። የፈረስ ግልቢያ ትምህርቷ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። መጠበቁ ሲሰለቸኝ ጎንበስ ብዬ ዚፑን እኔው ሳብኩት። ወደ ላይስ ወጣ፤ ከሥሩ ግን ጥርሱ ተለያይቶ ካልሲዋ ብቅ አለ።

ቡትሱን የላከችላት እህቴ ናት፣ ከጀርመን። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ቆዳ ሲሆን፣ ከኋላ በኩል ከተረከዝ እስከ ላይ ዚፕ አለው። አያቴ ቢያዩት «ገምባሌ» ይሉት ነበር። እንዲህ ያለው እዚህ በየሱቁ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ማሠራት ግድ ሆነ።

ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ምኑ እንደተበላሸ ሳላጣራ አንድ ጫማና ቦርሳ የሚጠግን ሱቅ ወስጄ «ዚፑን ቀይሩልኝ» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ተቀይሮና ተወልውሎ መጣ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፈነዳ። ገልብጬ ሳየው የተገጠመው ለሹራብ የሚሆን ስስ ዚፕ ነው። የባሰው ግን ስፌቱ ነው። መርፌው በድሮው ቀዳዳ መሄድ ሲገባው በማሽን አዲስ መስመር ተሰፍቶበት፣ የቆዳው ጠርዝ እንደ ቴምብር ተበሳስቶ መቀደድ ጀምሯል። ጨርቅ ቢወጋ ቀዳዳው ይጠፋል፤ ቆዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

ዛሬ ያወቅኩትን ያኔ ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ የማየው የዚፑን ራስ ነበር። ዚፕ «ተበላሸ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥርሱ ደህና ነው፤ የደከመው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ራሱ ነው። በአሸዋና በጭቃ ውስጡ ሲበላና ከንፈሮቹ ሲከፈቱ ሁለቱን ጥርሶች አጥብቆ ማገናኘት ያቅተዋል። ራሱ እየወጣ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ፣ ጥርሱም ካልጎደለ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ታች መልሱት፤ ከዚያም የራሱን ግራና ቀኝ ጎን በፒንሳ በየተራ፣ በጣም በጥቂቱ ጫን በሉት። በጥድፊያ ከተጨመቀ ይሰበራል። ይህ ለጊዜው ይይዛል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ራሱን ብቻ መቀየር ነው። ከራሱ ጀርባ ብዙ ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር አለ። የዚፑ መጠን ነውና አዲሱም በዚያው ልክ፣ ለዚያው ዓይነት ጥርስ መሆን አለበት። ጥርስ ከወለቀ ወይም ጨርቁ ከተቀደደ ግን ሙሉ ዚፕ ከመቀየር ሌላ ምርጫ የለም።

(በነገራችን ላይ «ዚፐር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከጫማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቢ. ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ በዚፕ ለሚዘጋ የጎማ ቡትሱ ያወጣው ስም ነበር።)

ሁለተኛው ጠጋኝ ከሰፈራችን ታክሲ መያዣ አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ቡትሱን ተቀብለው አገላበጡትና ዚፑን ሳይነኩ «የማን ነው?» አሉኝ። የልጄ ነው ስላቸው «እንግዲያው እሷን ይዘሽልኝ ነይ» ብለው መለሱልኝ። ትንሽ ተናደድኩ፤ ለአንድ ዚፕ ሁለት ጊዜ መመላለስ?

በማግስቱ ልጄን ከትምህርት ቤት መልስ ይዣት ሄድኩ። በርጩማ ላይ አስቀመጧትና ባቷን በክር ለኩ፤ ቀጥለው ቡትሱን ለኩ። ክሩ በሁለት ጣት ያህል ተረፈ።

«ዚፑ ምን አጠፋ? ልጅቷ አድጋለች» አሉ።

ልጄን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ከጠበባት ሁለት ወር አልፎታል። ስስ ካልሲ እያደረገች፣ ባቷ ላይ ሰንበር እየወጣባት ዝም ብላለች። «እማዬ፣ ከጠበበኝ ትምህርቱ ይቅር ትሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። በእነዚያ ወራት እኔና አባቷ እራት ላይ ስለ ወጪ ነበር የምናወራው። ቴሌቪዥን የምታይ መስሎን።

አባባ ሥራውን በአራት ቀን ጨረሱ። ያንን የማሽን ስፌት በምላጭ ፈቱት፤ የተበሳሳውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በስስ ቆዳ ደገፉት። ከዚፑ ጎን ከላይ ሰፋ፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ ጠበብ የሚል ጠንካራ ላስቲክ አስገቡ። አዲሱን ወፍራም ዚፕ መጀመሪያ በማስቲሽ አጣብቀው አደረቁት፤ ከዚያ ደህና በቀሩት የድሮ ቀዳዳዎች በኩል፣ ሰም በተቀባ ክር፣ በወስፌ በእጃቸው ሰፉት። ዚፑ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ደረቡበት፤ ጫናው የሚያርፈው እዚያ ነው አሉ። የጠየቁኝ ገንዘብ ለመጀመሪያው ሱቅ ከከፈልኩት ያነሰ ነበር። እኔም ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ አልተቀበሉም።

አሁን ልጄ ስትለብስ ዚፑን እስከ መጨረሻው ትከፍታለች፤ ተረከዟን መሬት አስነክታ፣ በአንድ እጇ ሁለቱን ጠርዞች አቀራርባ በሌላው ትስባለች። ከግልቢያ ስትመለስ ጭቃውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታራግፋለች፤ ጠንከር ሲልባት ጥርሱን በሻማ ታሸዋለች። ዘይት አንጠቀምም፤ አቧራ ይሰበስባል።

መለኪያውን ክር አባባ ለእኔ ሰጡኝ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ከቡትሱ ጋር ተንጠልጥሏል፤ በየሁለት ወሩ እንለካለን። የግልቢያ ትምህርቱ ደግሞ በየሳምንቱ መሆኑ ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ ሆኗል። ይህን የወሰንነው እራት ላይ ነው፣ ለሦስት ሆነን።