የሲኒማው ድምፅ ወደ አንድ ወገን ሲያደላ

በወረታ አካባቢ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውሃ እየጠለፈ ሽንኩርት የሚያለማ የፎገራ ገበሬ፥ አንዱ ቦይ ውሃ ሲያጥረው ወደ ላይ ወጥቶ የተደፈነውን ስፍራ ይፈልጋል። ለዲጂታል ሲኒማ ድምፅም የሚያሻው ይኸው ዘዴ ነው።

በተለመደው አሠራር ድምፁ በ6 መሥመር ይተላለፋል፤ ይኸውም ግራ፥ መካከል፥ ቀኝ፥ ሁለት የጎንና አንድ የወፍራም ድምፅ መሥመር ነው። ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከመካከለኛው ስለሆነ፥ እርሱ ሲደክም ተመልካቹ ታሪኩን ያጣል።

የግራው ቢደክም ግን ኃይሉን አጥፍቶ፥ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን የግራና የቀኝ ገመዶች ማለዋወጥ ነው። ድክመቱ ወደ ቀኝ ቢዞር ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ በግራ ቢቀር በአምፕሊፋየሩ ወይም ከእርሱ በኋላ ነው።

ይህን ሳያስፈትን ለአዲስ መሣሪያ ግዢ የሚፈርም ወጣት ሹም፥ የሕዝብ ገንዘብ ያባክናል ብለን እናምናለን።