ቆርቆሮ ብቻውን ቤት አይሆንም



በዛሬው ዘመን አንድ ሰው ቤት ሠራ ሲባል በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ቆርቆሮ ፈጀ?» የሚል ነው። ግድግዳው ምን ያህል ይወፍራል? መስኮቱ ወደየት ይከፈታል? ቀትር ላይ ሕፃን ያስተኛል ወይ? ሌሊትስ ብርድ ይከለክላል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። ክዳኑ ካብረቀረቀ ባለቤቱ ከድህነት ወጥቷል ይባላል። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎችም የጣሪያው ዓይነት ተጠይቆ ተመዝግቧል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ሙቀት ግን በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? ይህ አስተሳሰብ በተለይ ለእኛ ለዋግ ኽምራ ሰዎች ጎጂ ነው እላለሁ። ምክንያቴን ስማኝና ፍረድ።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ እንነጋገር። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋ ቀን ፀሐዩ ዐናት ይበሳል፤ ማታ ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ይመጣል። ከዚያ ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌ፣ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ ሲወረድ ሙቀቱ ይከፋል። ዝናቡ የሚመጣው በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ አንዳንድ ዓመት እሱም ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ ምን እንደደረሰበት የማያውቅ የለም። እንግዲህ በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ሦስት ባላጋራ አለበት፦ የቀን ፀሐይ፣ የሌሊት ብርድና የውሃ እጦት። ቤቱ ከነዚህ አንዱን እንኳ ካልመከተለት ቤትነቱ ምኑ ላይ ነው?

አባቶቻችን ይህን ያለ መሐንዲስ ያውቁት ነበር። ከእግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይ ለቅመው፣ በጭቃ እያጣበቁ፣ ውፍረቱ አንድ ክንድና ከዚያም በላይ የሆነ ግድግዳ አቆሙ። በአጎራባቻችን በላስታ የተሠሩት ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤቶች ዛሬም በላሊበላ ይታያሉ። የዚህ ግንብ ጥበብ ቀላል ነው። ድንጋይና ጭቃ ሙቀትን ቶሎ አይቀበሉም፤ የተቀበሉትንም ቶሎ አይለቁም። የቀኑ ትኩሳት ግድግዳውን አልፎ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ፀሐዩ ይጠልቃል። ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ቀስ በቀስ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ነዳጅ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ ወጪ የለ!

ቆርቆሮስ? ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይ እንደነካው ይግላል፤ ግለቱንም ከሥሩ ባለው ሰው ላይ ያወርደዋል። ሲመሽ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ማለት ይህ ነው። እኔ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከየቀን ሥራዬ አውቀዋለሁ። ቀትር ላይ ልጆቹ ሰሌዳቸውን እንደያዙ ዐይናቸው ይከደናል። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ሙቀቱ ነው የሚጥላቸው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ወይም በረዶው ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ የአስተማሪው ድምፅ ለፊተኛው ልጅ እንኳ አይሰማም፤ ትምህርቱ እስኪያባራ ይቆማል። ታዲያ ለመድረሳና ለመስጂድ ገንዘብ የሚያወጡ ወንድሞቻችን «ሚናራው ይርዘም፣ ክዳኑ ይብረቅረቅ» ሲሉ ከሥሩ የሚቀመጠውን ሕፃን ለምን አይጠይቁትም?

«ታዲያ ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ነው የምትለን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እውነቱን መነጋገር ይገባል። ሣር በእሳት ይጋያል፤ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ከብት የሚግጠው በጠፋበት አገር ለክዳን የሚሆን ሣር ከየት ይመጣል? በትግራይ ህድሞ የሚባለው በአፈር የተከደነ ቤት ሙቀትና ብርድን በመከላከል የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን ያን ሁሉ አፈር የሚሸከም ወፍራም እንጨት ያስፈልገዋል። ወይራውና ጽዱ የት አለና? ለቤት ሲባል የቀረችውን ዛፍ መቁረጥ ድርቅን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ቆርቆሮም የራሱ በጎ ነገር አለው፦ ንጹሕ ውሃ ይሰበስባል። ስለዚህ ክርክሬ ከቆርቆሮ ጋር አይደለም። ክርክሬ ግንቡን አፍርሶ በስስ ግድግዳ ላይ ቆርቆሮ አልብሶ «ሠለጠንኩ» ከሚለው ጋር ነው።

ሌላው «የድንጋይና የጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው» ይላል። ወንድሜ ሆይ! የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መኖሪያ በመዲና ከጭቃ ጡብና ከተምር ዛፍ የተሠራ እንደነበር ረሳኸውን? የሐረርን ቤቶች እይ፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ በውስጡ ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ፣ ፊቱ ግቢ። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። በክልላችንም በከሚሴ አቅጣጫ በተራራ ላይ ያለችውን የአርጎባዎቹን መንደር ሾንኬን እይ፤ የድንጋይ ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ዓለም ቅርስ ብሎ የሚጎበኘውን እኛ የምናፍርበት ለምንድን ነው?

ከባሕር ማዶም ትምህርት አለ። ግብፃዊው መሐንዲስ ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አጠገብ አዲሲቱን ጉርና መንደር በጭቃ ጡብ ሠራ። በጦርነቱ ዘመን እንጨትና ብረት ሲጠፋ፣ ያለ እንጨት ድጋፍ የጡብ ቅስት የሚያቆሙ የኑብያ ግንበኞችን አስመጥቶ ነው የሠራው። እ.ኤ.አ. በ1980 ታላቅ ሽልማት አገኘበት። ነገር ግን ልብ በል! ቤቶቹ ያ ሁሉ ጥበብ እያላቸው፣ እንዲሰፍሩባቸው የታሰቡት ሰዎች ብዙዎቹ ከቀድሞ መንደራቸው አንነቀልም ብለው ቀሩ። ያማረ ቤት እንኳ ባለቤቱ ወዶ ካልገባበት ባዶ ግንብ ነው። ደግሞም የሉክሶር ጭቃ ዝናብ የማያውቅ ጭቃ ነው፤ የዋግን የሐምሌ ዝናብና በረዶ አይችልም። ስለዚህ ከእርሱ የምንወስደው ቅስቱን ሳይሆን መንገዱን ነው፦ ከአገር የተገኘ ዕቃ፣ የአገር ግንበኛና የአገር አየር።

ታዲያ ምን እናድርግ? ግድግዳው የድንጋይ ይሁን፤ ድንጋይ በዋግ የሚገዛ ነገር አይደለም። ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ፤ ከቆርቆሮው በታች ግን ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ትቶ ኮርኒስ ይኑረው፤ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ የተለሰነ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል፤ ድምፁንም ያፍናል። ረዥሙ ግድግዳ በሰሜንና በደቡብ ይሁን፤ ጠባቡ ወገን ለጠዋትና ለማታ ፀሐይ ይሰጥ፤ በምዕራብ በኩል መስኮት አይብዛ። ለመስጂድማ ይህ የተመቸ ነው፤ ከሰቆጣ ሲታይ ቂብላው ወደ ሰሜን ስለሆነ ሶፉን ተከትሎ በስፋት የተሠራ መስጂድ በራሱ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይይዛል።

አሸንዳና የውሃ ጉድጓድም አይረሳ። ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ክዳን ያለው ቤት በክረምቱ 400 ሚሊ ሜትር ቢዘንብለት 16,000 ሊትር ይወርድለታል። ገሚሱ ቢባክን እንኳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 400 ጊዜ ይሞላል። እናትና ሴት ልጅ ይህን ውሃ በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ከደጃቸው የወረደው ግን አፈር ይዞ ወደ ተከዜ ይሄዳል! ብክነት (ኢስራፍ) ማለት እህል መድፋት ብቻ መሰለህ?

በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ወገኖቻችንን ከአበርገሌና ከሌላውም ስፍራ አፈናቅሎ በድንኳን አኗኗራቸው። የፈረሰው ቤት ሁሉ ዳግም ይሠራ ዘንድ ግድ ነው። አሁን በፍጥነት የምንሠራው ልጆቻችን ለሃምሳ ዓመት የሚኖሩበት ነው። ስለዚህ የምትረዱ ድርጅቶች ሆይ፣ የተከደነውን ቤት ቁጥር ለሪፖርት ከመላካችሁ በፊት ቀትር ላይ ገብታችሁ ከሥሩ ተቀመጡ። ሹማምንት ሆይ፣ የአገሩን ግንበኛ ጠይቁ። ባለ ሀብቶች ሆይ፣ በሚናራው ፈንታ ለመድረሳው ኮርኒስና ጉድጓድ አውጡ። አንተም የቤት አባት፣ በሬህን ሸጠህ ቆርቆሮ ከመግዛትህ በፊት ያባትህን ግድግዳ አታፍርስ።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ-ን-ነሕል ቤትን ከአላህ ጸጋዎች አንዱ፣ የሰው ልጅ ማረፊያ አድርጎ ያነሳዋል። ሰው የማያርፍበት ቤት፣ ቢያብረቀርቅም፣ ጸጋው ጎድሏል። አላህ (ሱ.ወ.) አስተውለን የምንሠራ ያድርገን። አሚን።