አሮጌ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተርን ስለ ማደስና ጕልበቱን ስለ መጨመር

በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አንድ አንባቢያችን ስለ አንድ አውቶሞቢል ጽፈውልናል። ነገሩ የመኪና ጕዳይ ይምሰል እንጂ በውስጡ የቤተ ሰብ ክርክር ስላለበት በዚህ ገጽ ልንመልሰው ወደናል። ጠያቂያችን የገዙት ጃጓር ማርክ ሰባት የሚባለውን፥ በ1952 ዓ.ም. የተሠራውን ባለ አራት በር አውቶሞቢል ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ሁሉ እንደዚሁ ነው። ሞተሩ አርጅቷል፤ ሰማያዊ ጢስ ያወጣል፤ ዘይትም ይጠጣል። የእርሳቸው አሳብ ሞተሩን ማደስ ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ብርቱ እንዲሆን ማድረግ ነው። ባለቤታቸው ግን፥ «በዚህ መኪና ውስጥ የሚቀመጡት ሦስቱ ልጆቻችን ናቸው፤ የሚወጣውም ገንዘብ የልጆቹ ነው» ብለው ተቃውመዋል። ሁለቱም ተስማምተው የኛን አሳብ ስለ ጠየቁ፥ እኛም ለማንም ሳናደላ የምናውቀውን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ ሞተሩ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የሚታደሰው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ገንዘብ ማውጣት አይገባምና። ይህ ሞተር ኤክስ ኬ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኮቬንትሪ ከተማ በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ፥ የፋብሪካው መሪ ዊልያም ላየንስና መሐንዲሶቹ ዊልያም ሄይንስ፥ ዋልተር ሃሳን፥ ክሎድ ቤይሊ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ በተራ እየነቁ ያድሩ ነበር። በዚያ ሌሊት ሥራ ፈት እንዳይሆኑ፥ ሰላም ሲሆን ስለሚሠሩት ሞተር ይመክሩ ነበር። የዚያ ምክር ፍሬ በ1948 ዓ.ም. በሎንዶን የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ላይ ታየ፤ የአየሩንና የጢሱን መተላለፊያ ያበጀው ሃሪ ዌስሌክ የሚባለው ዐዋቂ ነው። ሞተሩ በልዩ ልዩ መጠን እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት 44 ዓመት ሙሉ ተሠርቷል። የጠያቂያችን ሞተር የመጀመሪያው ዐይነት ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፥ የፒስተኑ ጕዞ 106 ሚሊ ሜትር፥ መጠኑ 3442 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ኀይሉም 160 የፈረስ ጕልበት ነው።

ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር መደርደሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ 1ኛው ከ6ኛው፥ 2ኛው ከ5ኛው፥ 3ኛው ከ4ኛው ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። ጥንዶቹ በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ የአንዱን ግፊት የሌሎቹ ግፊት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ይዞራል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ይህን ያህል ጸጥታ በተፈጥሮው የለውም። ይሁን እንጂ የርዝመቱ ዕዳ አለ። የጋራዥ ሰዎች ኮሎ የሚሉት ጠማማው ዋና ዘንግ ረጅም በመሆኑ፥ ሲሊንደሩ በፈነዳ ቍጥር ዘንጉ እንደ ገመድ ጥቂት ይጠመዘዛል፤ ደግሞም ይመለሳል። ይህ መጠማዘዝ በአንዳንድ የዙር ፍጥነት ላይ እየተደራረበ ብረቱን እስከ መስበር ይደርሳል። ይህንኑ ለማብረድ በዘንጉ የፊት ጫፍ ላይ በጐማ የተያያዘ ከባድ የብረት ቀለበት ተደርጎበታል። ጐማው ግን ከ70 ዓመት በኋላ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ጠያቂያችን ለማፍጠኛ ዕቃ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ይህን ቀለበት እንዲያሳድሱ እንመክራለን።

አሁን ሞተሩ ይፈታ። ብዙ ሰዎች ፒስተንና ፋሻ ለውጠው፥ ውጭውን ቀለም ቀብተው «ታደሰ» ይላሉ፤ ይህ ግን ማደስ ሳይሆን መሸፈን ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ቈሻሻ የሚሸሸግባቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ። አንደኛው ራሱ ኮሎው ነው፤ በውስጡ የዘይት መተላለፊያና ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ጕድጓድ አለ፤ አፉ በብሎን የተዘጋ ነው። ብሎኖቹ ካልወጡና ጕድጓዱ ካልተጠረገ፥ አዲስ ብሮንዚን ቢገባም የቈየው ዝቃጭ ተንቀሳቅሶ በጥቂት ቀን ይበላዋል። ብሎኖቹ በጥብቅ የተያዙ ስለ ሆኑ ሰነፍ ሠራተኛ ትቷቸው ያልፋል፤ ስለዚህ ባለ መኪናው ወጥተው በዐይኑ እንዲያያቸው ይጠይቅ። ሁለተኛው ስፍራ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው የውሃ መንገድ ነው። ብረቱ በቀለጠበት ጊዜ የቀረ አሸዋና የ70 ዓመት ዝገት በተለይ በኋለኞቹ ሲሊንደሮች ዙሪያ እንደ ጭቃ ይረጋል፤ እነዚያ ሲሊንደሮች ውሃ አጥተው ይግላሉ። በጐን ያሉት ክብ መድፈኛዎች ሁሉ ወጥተው ውስጡ እስኪጠራ መታጠብ አለበት። ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ ተራ ውሃ ይበላዋል፤ ከታደሰ በኋላ ዝገት የሚከለክል ፈሳሽ ዘወትር ሊኖርበት ይገባል።

ከዚህ በኋላ መለካት ይመጣል። ሲሊንደር ከታች ይልቅ ከላይ፥ የላይኛው ፋሻ በሚመላለስበት ላይ ይበላል፤ ስለዚህ በብዙ ስፍራ ይለካል፤ በኛ አገር ጋራዦች ሬክቲፊካ የሚሉት ሥራ የሚወሰነው በዚህ ልክ እንጂ በግምት አይደለም። እያንዳንዱም ልክ በወረቀት ተጽፎ ለባለ መኪናው ይሰጥ። የጽሕፈት ሥራ ልማዳችን ስለ ሆነ ይሆናል ይህን የምናጠብቀው፤ ነገር ግን ልኩን ሊጽፍ የማይወድ ጋራዥ ልኩን እንዳልወሰደ መቍጠር ስሕተት አይመስለንም። ስድስቱ ፒስተኖችና ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዙት ስድስቱ ዘንጎች በሚዛን ተመዝነው በክብደት እኩል ይሁኑ። ይህ ሥራ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ጌጠኛ ዕቃ ይበልጣል።

ሲገጣጠም ሁለት ነገር ይጠበቅ። የዚህ ሞተር ሁለቱ የቫልቭ ዘንጎች በላይ በኩል ናቸው፤ ቫልቮቹም ዘንበል ብለው ትይዩ ስለሚቆሙ፥ አንዱ ዘንግ ብቻውን ቢዞር የማስገቢያው ቫልቭ የማስወጫውን መትቶ ያጣምመዋል። ደግሞ የፍንዳታው ተራ 1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ነው፤ ዳሩ ግን ብዙዎች ፋብሪካዎች 1ኛ የሚሉት የፊተኛውን ሲሊንደር ሲሆን ጃጓር 1ኛ የሚለው የኋለኛውን ነው። ይህን ሳይጠይቅ የካንዴላ ሽቦ የገጠመ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል።

እንግዲህ ወደ ጕልበቱ እንሂድ። ሞተር ብርቱ የሚሆነው ብዙ አየር ሲተነፍስ፥ የተነፈሰውንም አጥብቆ ሲጨምቅ፥ ወይም በደቂቃ ብዙ ጊዜ ሲዞር ነው። ሦስተኛው መንገድ ለጐረምሶች ደስ ያሰኛል፤ ለዚህ ሞተር ግን አይስማማውም። የፒስተኑ ጕዞ 106 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ በደቂቃ 5000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ይሮጣል። ዙሩ ወደ 6000 ቢወጣ ፍጥነቱ የሚጨምረው በመቶ 20 ነው፤ ብረቱን የሚጐትተው ኀይል ግን በመቶ 44 ይጨምራል። ስለዚህ በጭንቀት ከመሮጥ በደንብ መተንፈስ ይሻላል። ፋብሪካው ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ማርክ ሰባት ኤም የተባለው ሲወጣ ቫልቮቹን ከፍ አድርገው የሚከፍቱ ዘንጎች ተደርገውበት ጕልበቱ ከ160 ወደ 190 ወጥቷል። የኛም ምክር ጠያቂያችን በዚህ እንዲወሰኑ ነው። ከዚህ የሚያልፉ ዘንጎችና ታላላቅ ካርቡራቶሮች ለውድድር መኪና ይጠቅሙ ይሆናል፤ በዝግታ ሲነዱ ግን ሞተሩን ያደክሙታል፤ ክብደቱ ከ17 ኩንታል የማያንስ የቤተ ሰብ መኪና ደግሞ የሚፈልገው ከመነሻው የሚጐትት ጕልበት ነው።

ፍሬኑን የረሳን አይምሰላችሁ፤ የወይዘሮዋ ክርክር ያረፈው በዚህ ላይ ነው፤ እኛም እውነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሆነ እናምናለን። የፋብሪካው ታሪክ ራሱ ይመሰክርላቸዋል። በዚሁ ሞተር የሚሄደው ሲ ታይፕ የተባለው መኪና በ1951 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። በሚከተለው ዓመት የመርሴዲስ መኪኖች ፈጣንነት ስለ ተወራ፥ ፋብሪካው በችኰላ የመኪናውን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ የማቀዝቀዣውን አሠራር ለወጠ፤ ሦስቱም መኪኖች ግለው ገና በውድድሩ መጀመሪያ ወጡ። በ1953 ዓ.ም. ግን ማቀዝቀዣው ተስተካክሎ፥ ከደንሎፕ ጋር የተሠራ የዲስክ ፍሬን በአራቱም ጐማዎች ላይ ገብቶ ተመለሱ፤ ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን የነዱት መኪና በአማካይ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር እየሄደ አንደኛ ወጣ። ሌሎቹ መታጠፊያው ሳይደርስ ገና ከሩቅ ፍሬን ሲይዙ፥ እነዚህ እስከ ቅርብ ድረስ በፍጥነታቸው ይሄዱ ነበር።

የማርክ ሰባት ፍሬን ግን የድሮው የከበሮ ፍሬን ነው። ከላይ የጻፍነው ስሌት እዚህም ይሠራል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 120 ቢሄድ፥ ለማቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ትኵሳት በመቶ 44 ይበዛል። ከበሮ ሲግል ይሰፋል፤ የሸራውም መያዝ ይደክማል፤ በረጅም ቍልቍለት ላይ እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ገንዘቡ በመጀመሪያ ለፍሬን፥ ለመሪና ለጐማ፥ ቀጥሎ ለማቀዝቀዣው፥ ከዚያ በኋላ ሞተሩን በደንብ ለማደስ ይዋል፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈ ካለ ለጕልበት ይሁን። ጠያቂያችን በዚህ ቢከፉ፥ በደንብ የታደሰ 160 የፈረስ ጕልበት አሁን ካላቸው ከደከመው ሞተር እጅግ እንደሚበልጥ አንድ ቀን ነድተው ያዩታል።

ስለ ልጆቹ ሁለት ቃል እንጨምር። የአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባለው ማዕድን ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገድል በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ከበሮው ሲፈታ አቧራው በንፋስ አይነፋ፤ በደረቅ መጥረጊያም አይጠረግ፤ ርሶ በጨርቅ ይነሣ፤ ልጆችም በአጠገቡ አይቁሙ። እንደዚሁም ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከቶ አይነሣ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ስለ ቤንዚን፥ እርሳስ የተጨመረበት የመኪና ቤንዚን በ2021 ዓ.ም. አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ስለ ተወችው አሁን በዓለም አይሸጥም። ይህ የቫልቭ መቀመጫቸው በቀጥታ በብረቱ ላይ የተቈረጠላቸውን አሮጌ ሞተሮች ይጐዳል፤ የዚህ ሞተር መቀመጫ ግን ጠንካራ ቀለበት ሆኖ የገባ ስለ ሆነ ብዙ አያሠጋም። የሚያሠጋው ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ መቶ 10 አልኮል አለበት፤ አልኮሉ የድሮውን ጐማ ቱቦ ያላላዋል፤ የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ደግሞ እሳት ነው። ቱቦዎቹ ሁሉ ለዚህ በሚስማሙ ይለወጡ።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ያላችሁ አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር አስቡ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ከጕልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፤ ካርቡራቶሩም ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ እንደ ሆነ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቍራል። ይህን በማስተካከል ብቻ የጠፋ የመሰለ ጕልበት በከፊል ይመለሳል። መጭመቂያውን ከፍ ያደረገ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ በደጋ ጸጥ ብሎ የሄደ ሞተር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አየሩ ወፍሮ በውስጡ እንደ መዶሻ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ይህም ፒስተኑን ይበሳዋል።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ የዘይቱ ግፊት፥ ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፥ በአንድ ኢንች ካሬ 40 ፓውንድ ያህል መሆን አለበት፤ ከዚህ እጅግ ቢያንስ መንገድ ሳይወጡ ምክንያቱ ይመርመር። በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ሞተሩ አይጨነቅ፤ ከዚያም ዘይቱ ተለውጦ ወደ ልማዱ ይመለስ።

ወይዘሮዋ በደብዳቤው ግርጌ በራሳቸው እጅ አንድ ጥያቄ ጨምረዋል፤ መኪናው ሲታደስ እርሳቸውም መንዳት ይችሉ እንደ ሆነ ነው። በእርግጥ ይችላሉ። የመኪናው ማርሽ በእጅ የሚለወጠው ዐይነት ከሆነ አንደኛው ማርሽ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም አይገባም፤ ሁለተኛውም ሲገባ ጥቂት መታገሥ ይፈልጋል፤ በጕልበት መግፋት አያስፈልግም።