በስንደዶ የሚመልስ ልጅ

በየበዓሉ ወደ ገዳማችን ከሚመጡ ወላጆች መካከል፣ ከሩቅ ከደማምና ከኾበር የሚመጡትም ሳይቀሩ፣ አእምሮው በዝግታ የሚያድግ፣ አንደበቱም ያልተፈታ ልጅ ያላቸው አሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አፉ ሳይፈታ ፊደል ምን ያደርግለታል?»

የአብነት ትምህርት ቤታችን ለጥያቄው የተመቸ አይመስልም። ፊደል ቆጠራው፣ ግእዝ ንባቡ፣ ውርዱና ቁሙ ሁሉ በድምፅ ነውና ያላሰማ ተማሪ እንዳላወቀ ይቆጠራል። ነገር ግን ያው ተማሪ ፊደሉን የሚነካበት ስንደዶ በእጁ አለ። ሥራውን እንገልብጠው፤ መምህሩ «ቡ» ይበል፣ ልጁ በስንደዶው ያሳይ። ካህኑ ዘካርያስ እንኳ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የልጁን ስም ያስታወቀው በሰሌዳ ጽፎ ነው።

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉም ድረስ በቤት ተደብቀው ስለሚኖሩ ልጆች በአደባባይ ተናገሩ። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ አይደሉም፤ በአንድ ልጅ ላይ ግን ሊገናኙ ይችላሉ። «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉት ዘዴያቸው በፊደላችን ድምፆች አማካይነት ልጆቹን ለንግግር የሚያበቃ ነው። መልካም ሥራ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ንግግሩ ቢዘገይ ወይም ጨርሶ ባይመጣ ንባቡ ሊጠብቀው አይገባም የሚለውን ብቻ ነው።

ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ዘርዝሮ 231 ምልክት በአንድ ገበታ መዘርጋት ለእንዲህ ያለው ልጅ ይከብዳል። ከስሙ ይጀመር። ቀጥሎ የሚፈልገው ነገር ይምጣ፤ «ውኃ»፣ «ዳቦ»፣ «እማ»። ቃሉ በካርድ ተጽፎ ከዕቃው አጠገብ ይቀመጥ፤ ልጁ ካርዱን ሲያነሣ ዕቃው ወዲያው ይሰጠው። ከዚያ በኋላ ሁለት ካርድ አቅርቦ ማስመረጥ ነው። ከሁለት አንዱን በዕድል ማግኘት ይቻላልና ቦታቸውን እየለዋወጡ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ በጆሮ ስለማይለዩ ለምርጫ ጎን ለጎን አይቅረቡ። (ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ፤ የፊደሉ ሥርዓት ኋላ ይደርሳል።)

አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ፤ የልጁን እጅ ይዛችሁ ወደ መልሱ አትምሩ። በውጭ አገር ይህን የመሰለ ዘዴ ብዙ ወላጆችን ተስፋ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ልጁና ረዳቱ የተለያየ ሥዕል እያዩ ሲፈተኑ ግን የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ሆኖ ተገኘ። ልጁ የራሱ ቃል ያለው መስሎን የእኛን ቃል በእጁ ብንጽፍ፣ ያችኑ ያለችውን ድምፅ ወሰድንበት። ስለዚህ ስንደዶውን እርሱ ይያዘው፤ ቢሳሳትም ይሳሳት።

ለጸበል የመጣችሁም ካርዶቹን ይዛችሁ ኑ። ከጥምቀቱ በኋላ፣ ልጁ ሳይደክመው፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጠይቃችሁት ቢዘገይ ጥያቄውን ቶሎ አትድገሙ፤ አቡነ ዘበሰማያት እኩሌታው እስኪደርስ ያህል በዝምታ ጠብቁት።