ዝርዝር የሌለው ቅነሳ

52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው? የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ደብተር ገለጥ ገለጥ ብታደርጉ ከ25 ሌላ ደጋግማችሁ የምታገኙት መልስ 35 ነው። ልጁ በጭፍን አልገመተም። ከላይኛው 2 ላይ 7 አልነሣ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ፣ 5 ጻፈ። ቀጥሎ ከ5 ላይ 2 ቀነሰ፣ 3 ጻፈ። ከትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል ተብሏል፤ እሱም የተባለውን አደረገ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎ ያልፋል። ቤት ሲገባ ደግሞ «ልብ ብለህ አትሠራም እንዴ?» የሚለው ቁጣ ይጠብቀዋል። ልጁ ግን ልብ ብሎ ነው የተሳሳተው፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

ከዚያ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው። ከጎረቤት ተበደር፣ 5 የነበረው 4 ይሆናል፣ 2 የነበረው 12 ይሆናል። ልጁ ይህን እንደ ውዳሴ በቃሉ ይይዘዋል፤ ፈተናም ያልፍበታል። አንድ ብቻ ተበድሮ እንዴት አሥር እንደተጨመረለት ብትጠይቁት ግን «ቲቸር እንደዚያ ነው ያሉት» ይላችኋል። እንደ 502 ያለ፣ መካከሉ ላይ ዜሮ የተቀመጠበት ቁጥር ሲመጣ የሚበደርበት ጎረቤት ባዶ እጁን ይሆንና ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

አሁን ያንኑ ሒሳብ ይዘን ሠፈር ሱቅ እንሂድ። የስምንት ዓመት ልጅ 27 ብር የሚያወጣ ዕቃ ልትገዛ 50 ብር ትዘረጋለች። ባለሱቁ መሳቢያውን ያይና «ሁለት ብር ይኖርሻል?» ይላታል። ሁለት ብር ትጨምርለታለች፤ ሁለት ባለ አሥርና አንድ ባለ አምስት ይመልስላታል። ለምን እንደጠየቃት ገብቷታል። 27 ላይ 3 ሲጨመር 30፣ ከ30 እስከ 50 ሃያ፣ ሁለቷ የራሷ፤ በቃ 25። ባለ አምስቷን ቢረሳ ከደጁ አትንቀሳቀስም። «አምስት ብር ይቀረኛል፣ ጋሼ» ብላ ትቆማለች። (በአምስቱ ፈንታ ማስቲካ ቢሰጣት ሌላ ክርክር ነው።) ይህች ልጅ ማታ ደብተሯ ላይ 35 ብትጽፍ አይግረማችሁ። ለእሷ ሱቁና ደብተሩ ተገናኝተው አያውቁም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ቴሬዚንያ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት ገበያ ላይ የሚሸጡ ልጆችን ነበር የተከታተለው። አጥኚዎቹ ገዢ መስለው ሲጠይቋቸው ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። የዚያኑ ዓይነት ሒሳብ በቁጥር ብቻ ጽፈው ሲሰጧቸው ወደ 37 ወረደ። የአንዱ ኮኮናት ዋጋ 35 ክሩዜሮ ሆኖ አሥሩ ስንት እንደሆነ የተጠየቀው ልጅ መጀመሪያ ሦስቱን 105 አለ፤ ሦስት ሲጨምር 210፣ ሌላ ሦስት 315፣ በመጨረሻ አንዷን ደምሮ 350። በአሥር ሲባዛ መጨረሻው ላይ ዜሮ መጨመር መሆኑን ትምህርት ቤት ነግሮታል፤ ገበያው ውስጥ ትዝም አላለው። የተጠኑት አምስት ልጆች ብቻ ናቸውና ብዙ ልጭንበት አልፈልግም፤ ግን ታክሲ ውስጥ የሦስት ሰው መልስ ባንዴ የሚያሰላ ረዳት ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ስል ልጆቹን ገበያ እንስደድ ማለቴ አይደለም። የሱቅ ሒሳብ ሩቅ አያደርስም። ከ5,002 ላይ 2,347 ሲቀነስ፣ ወይም ክፍልፋይ ሲመጣ፣ በጣትና በብር ማዝገም ይደክማል፤ የወረቀቱ ዘዴ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ቅሬታዬ ከብሩ ወደ ወረቀቱ የሚያሻግረውን መንገድ ስለምንዘልለው ነው። አንደኛ ክፍል ሲገባ ወላጅ ቆርኪ፣ ጠጠርና የመቁጠሪያ እንጨት በፌስታል ቋጥሮ እንዲልክ ይጠየቃል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፌስታሉ የት እንደገባ አይታወቅም፤ «በጣትህ አትቁጠር!» ይጀመራል። ቤተ ክርስቲያን ቆመው አርባ አንዱን ኪርያላይሶን በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩትን አባት ግን ሰነፍ ያላቸው የለም።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ስልሳ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» ብሎ ለመጠየቅ ክፍለ ጊዜው አይበቃም። በከተማ ባሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሒሳቡ ገና ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ልጁ ሱቅ በአማርኛ የሚያስበውን ክፍል ውስጥ በሌላ ቋንቋ ይፈልገዋል። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ያንን ሁሉ በቅነሳ አላመካኝም። ሆኖም በየዓመቱ ጥፋተኛ ፍለጋ 12ኛ ክፍል በር ላይ የምንሰለፍ ሰዎች ሁለተኛ ክፍል ጎራ የምንለው መቼ ነው?

ደግሞ የሱቁ ትምህርት ራሱ እየሳሳ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ እናት 27 ብሩን ከስልኳ ትልካለች፤ ልጅቷ ዕቃውን ብቻ ይዛ ትመለሳለች። መልስ የሚቆጥር፣ ዝርዝር የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ብሩን ወደ ክፍል ማስገባት የትምህርት ቤቱ ሥራ ሆኗል። ካርቶን ቆርጦ ባለ አሥርና ባለ አንድ ብር መሥራት ወጪ የለውም። አምስት ባለ አሥርና ሁለት ባለ አንድ የያዘ ልጅ 27 ክፈል ሲባል ሁለቱን ባለ አሥር ይሰጣል፤ ለሰባቱ ሲደርስ በእጁ ያለው ሁለት ነው። አንዷን ባለ አሥር ይዞ ባንክ ወደ ሆነው ጓደኛው ሄዶ «ዘርዝርልኝ» ይላል፤ አሥር ባለ አንድ ይቀበላል። ያኔ መምህሩ 5ቱን ሰርዞ 4፣ ከ2ቱ በላይ ደግሞ 12 ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።