ጳጉሜ ደሞዝ የለውም፣ ሊስቱ ግን ይመጣል

ነሐሴ ሲጋመስ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ፎቶ ይለቀቃል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ደብተር ይህን ያህል፣ እርሳስ ይህን ያህል፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ከለር፣ የደብተር መሸፈኛ፣ ሶፍት፣ አንድ እሽግ ኤ ፎር ወረቀት። ከስር ደግሞ "ትምህርት በሚጀመርበት ቀን ተሟልቶ ይምጣ" ይላል። ግሩፑ ለትንሽ ደቂቃ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዱ ወላጅ "ይሄ ለአንድ ልጅ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ ለአንድ ልጅ ነው።

ከዚህ ፔጅ አዘጋጆች የአንዳችን ታናሽ እህት ዘንድሮ 3ኛ ክፍል ትገባለች፤ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። የሷ ሊስት ሲመጣ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው። ከደብተሩና ከእርሳሱ መሀል ሁለት የዋይት ቦርድ ማርከር አለ። የ3ኛ ክፍል ልጅ ቦርድ ላይ አትጽፍም። ማርከሩ የአስተማሪዋ ነው፤ ከፋዩ ግን እናታችን ናቸው።

ዕቃው ተወዷል የሚለውን ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ዋጋ በብር ያልጻፍነውም ለዚህ ነው፤ መርካቶና ሰፈር አንድ አይደለም፣ የዛሬ ሳምንትና ዛሬም አንድ አይደለም። ዛሬ ማየት የፈለግነው ሌላ ነገር ነው። ሊስቱን ማን ነው የሚጽፈው? መቼ ነው የሚደርሰን? ውስጡ ካለው የቱ ነው በእውነት ለልጁ የሚያስፈልገው? ምክንያቱም የዶላርን ዋጋ ወላጅም መምህርም መቀየር አይችሉም። ሊስቱን ግን መቀየር ይቻላል።

መጀመሪያ፣ ዋጋው ለምን እዚህ ደረሰ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ በኋላም ከ130 በላይ ሆነ። ቦርሳው፣ ምሳ ዕቃው፣ ከለሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። "ደብተርማ እዚህ ይሠራል" የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ግን ወረቀቱ ወይም ወረቀቱ የሚሠራበት ፐልፕ በብዛት በዶላር የሚገዛ ነው። ስለዚህ ደርዘን ደብተር ስትገዙ ትንሽ ዶላርም አብራችሁ እየገዛችሁ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ጂዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ናቸው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ "የልጆቹ ትምህርት ቤት ደርሷል" የሚል ስልክ ይደወልላቸዋል። ምንዛሬው ሲጨምር የሚልኩት ገንዘብ በብር ሲመነዘር በዛ። ደስ ይላል። ግን ደብተሩም፣ ጫማውም፣ ክፍያውም አብሮ ወጣ። ብሩ በዛ እንጂ ቦርሳው ውስጥ የሚገባው ዕቃ በዚያው ልክ አልበዛም።

ሁለተኛ፣ በ30 ቀን ደሞዝ 35 ቀን

አሁን ወደ ካላንደሩ እንምጣ። የኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ ደሞዝ ግን 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው። የነሐሴ ደሞዝ ጳጉሜንም ችሎ መስከረም ላይ መድረስ አለበት። ያ ማለት ቢያንስ 35 ቀን ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 36። በዓመቱ ውስጥ ደሞዝ በጣም የሚሳሳበት ጊዜ ይሄ ነው።

በዚሁ ጊዜ ምን ምን እንደሚመጣ ቁጠሩ። የምዝገባ ክፍያ። የግል ከሆነ የመጀመሪያው ተርም ክፍያ። ዩኒፎርም። ሊስቱ። ከዚያ እንቁጣጣሽ፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ፣ ለልጆቹ አዲስ ልብስ። 17 ቀን ሳይሞላ መስቀል። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ያለው ደግሞ ትራንስፖርት ይጨምርበታል። አንዱ ወጪ ብቻውን ቢመጣ ይቻል ነበር፤ ግን ሁሉም ተጠራርተው ነው የሚመጡት።

በ2018 ለመንግሥት ሠራተኛ የደሞዝ ጭማሪ ተደርጓል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚጀምር ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ቀላል ለውጥ አይደለም። ግን የመስከረም ደሞዝ የሚከፈለው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዕቃውን የሚፈልገው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ጭማሪው ለዚያ ዓመት ሊስት አልደረሰም። በግል ድርጅት የሚሠራ፣ የቀን ሥራ የሚሠራ፣ ጉሊት የምትሸጥ እናት ደግሞ ጭማሪው ጭራሽ አይነካቸውም።

ሰው እስካሁን በምን ተሻገረው? በእቁብ ነው። ብዙ እናቶች ዕጣቸው ነሐሴ ላይ እንዲወጣላቸው ዳኛውን የሚለምኑት ለዚህ ነው። ያልደረሰው ይበደራል። ሰፈር ካለ ሱቅ በዱቤ የሚወስድም አለ።

ሦስተኛ፣ ሊስቱን እንፍታው

የአዲስ አበባን ሥርዓተ ትምህርት እንውሰድ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ልጅ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራል። ስምንት ትምህርት ነው።

ለእያንዳንዱ አንድ የክላስ ወርክ፣ አንድ የሆምወርክ ደብተር ከተጠየቀ 16 ደብተር ሆነ። የግል ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት ስለሚሰጡ ከ20 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ሦስት ልጅ ያለው ቤት 60 ደብተር ማለት ነው። አምስት ደርዘን!

አሁን ባለፈው ዓመት የተማረባቸውን ደብተሮች አውጡና እዩ። የኛን ቤት አይተናል። የሒሳቡ አልቋል፣ ሁለተኛም ተገዝቶለታል። የአማርኛው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። የሰውነት ማጎልመሻው ግን ሰባት ገጽ ተጽፎበት ቁጭ ብሏል። የሆምወርክ ደብተሮቹ ከግማሽ በላይ ባዶ ናቸው። ድሮ እናቶቻችን ከአሮጌ ደብተር ያልተጻፈበትን ገጽ ገንጥለው፣ በመርፌና በክር ሰፍተው አዲስ ደብተር ያወጡ ነበር። ዛሬ ሊስቱ "አዲስ" ይላል፤ ሽፋኑም ቀለሙ ሳይቀር ይታዘዛል።

በሊስቱ ላይ ያለውን በሦስት ከፈልነው።

አንደኛው ልጁ የሚማርበት ነው፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ። በዚህ ክርክር የለንም፤ ክርክራችን በብዛቱ ነው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ መሥሪያ ዕቃ ነው፤ ማርከር፣ ኤ ፎር ወረቀት፣ ሶፍት፣ የእጅ ሳሙና። ይሄ በወርሃዊ ክፍያው ውስጥ መኖር ያለበት ነገር ነው። ሊስት ውስጥ ሲገባ ክፍያው ሳይጨምር የጨመረ ማለት ነው። ወላጅ ክፍያ ሲጨመርበት ስብሰባ ላይ ይከራከራል፤ በሶፍት ግን ማን ይከራከራል?

ሦስተኛው "ከኛ ብቻ ይገዛ" የሚባለው ነው። ሎጎ ያለበት ደብተር፣ ሎጎ ያለበት ሹራብ፣ አንዳንዴ ቦርሳ። ዩኒፎርም አንድ ዓይነት ይሁን መባሉ ይገባናል፤ የሀብታምና የደሃ ልጅ እንዳይለይ ነው የተባለው። ደብተር ላይ ያለው ሎጎ ግን ለልጁ ምንም አያስተምረውም። ወላጁ መርካቶ ሄዶ በደርዘን ዋጋ እንዳይገዛ ብቻ ነው የሚያደርገው።

የመንግሥት ትምህርት ቤትስ? አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ማቅረብ ጀምሯል፤ ምገባም አለ። በዚህ ላይ ብዙ ትችት ሊኖር ይችላል፤ ግን ለብዙ ቤት ትልቅ እፎይታ መሆኑን መካድ አይቻልም። የሚያሳየንም አንድ ነገር አለ። ዕቃውን የሚገዛው አካል ራሱ ከፋዩ ሲሆን ሊስቱ አጭር ይሆናል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 በስፋት ሲጀመር ደግሞ መጽሐፉ ሳይታተም ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይዞር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስማርት ስልክ ያለው ቤት አወረደ፤ የሌለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰለፈ። ያኔም ያልተጻፈ ሊስት ነበር፤ ስልክ፣ ዳታ፣ ፎቶ ኮፒ።

መምህሩስ?

እዚህ ላይ መምህሩን ጥፋተኛ አድርጎ መጨረስ ቀላል ነው። ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሊስቱን የሚጽፈው ቢሮ ነው፤ መምህሩ እንደ ወላጁ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው የሚያየው። ክፍል ውስጥ ግን ፊት ለፊት የሚጋፈጠው እሱ ነው።

ጥቅምት ላይ እርሳስ የሌለው ልጅ ይመጣል። መምህሯ ሁለት ምርጫ አላት። ወይ "ለምን አላመጣህም?" ብላ ታስነሳዋለች፣ ወይ ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጠዋለች። ብዙዎቹ ከቦርሳቸው ነው የሚሰጡት። ላጲስ ለሁለት የሚቆርጡ፣ እርሳስ በራሳቸው ገንዘብ በደርዘን ገዝተው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ፣ የፈተና ፎቶ ኮፒ ከኪሳቸው የሚከፍሉ መምህራን አሉ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ወላጅ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ሊስት ቤት ይጠብቃቸዋል። የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆኑ የመንግሥት ደሞዝ ጭማሪው እነሱን አይመለከትም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ክረምቱን ያለ ደሞዝ ነው የሚያሳልፉት። ነሐሴ ለነሱም ነሐሴ ነው።

ልጁስ? ዕቃ ያልተሟላለት ልጅ የሚሰማውን ያልቀመሰ ይቀልድበታል። ስምህ ሲጠራ ቆመህ፣ ጓደኞችህ እያዩህ "ነገ አመጣለሁ" ማለት፣ ነገም ያው መሆኑን እያወቅህ። የ8 ዓመት ልጅ ደሞዝ የለውም። ደብተር ስላላመጣ መቅጣት፣ ከክፍል ማስወጣት፣ ወላጁ ማድረግ ባልቻለው ነገር ልጁን መቅጣት ነው። ትምህርት ቤት የሚጠላው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

ምን ይደረግ?

በኛ እይታ ዶላር እስኪወርድ ሳይጠበቅ፣ አሁን ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

1. ሊስቱ ሐምሌ ላይ ይውጣ። ውጤት በሚሰጥበት ቀን አብሮ ቢሰጥ ወላጅ ሁለት ደሞዝ ላይ ይከፋፍለዋል፤ መርካቶ ሳይጨናነቅም ይገዛል።

2. ለሁለት ይከፈል። "ለመጀመሪያው ቀን" እና "በዓመቱ ውስጥ"። የመጋቢት ደብተር መስከረም 1 ላይ ለምን ይገዛል?

3. አንድ ደብተር ለሁለት ሥራ ይዋል። ከፊት ክላስ ወርክ፣ ገልብጦ ከኋላ ሆምወርክ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የተማርነው። በዚህ ብቻ 16ቱ 8 ይሆናል። የትኛውም ሱቅ ግማሽ ዋጋ አይቀንስላችሁም፤ ይህ አንድ ውሳኔ ግን ይቀንሳል። እርማት ላይ መምህሩ ደብተሩን ለማሳደር ሊቸገር ይችላል፤ ስለዚህ መምህራኑ ራሳቸው ተጠይቀው የትኛው ትምህርት እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን ይወስኑ።

4. "ከኛ ብቻ" ይቅር። ሎጎ ካስፈለገ ስቲከር ይለጠፍ።

5. በግሩፕ ይገዛ። 40 ወላጅ ያለበት ግሩፕ ሁለት ሰው ወክሎ ከጅምላ ነጋዴ ቢገዛ ዋጋው እንደሚለያይ ነጋዴ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ግሩፑ ለሮሮ ብቻ አይሁን።

6. ይህን ሁሉ የሚያነሳ አካል አለ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ወተመህ የምንለው። ብዙ ቦታ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ብቻ ነው። የክፍያ ጭማሪ ላይ እንደሚከራከረው ሊስቱም ላይ አስተያየት ይስጥ፤ ከመታተሙ በፊት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ገና ወላጅ አይደላችሁም። ግን ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም፣ ከውጭ ሆናችሁ የምትልኩ፣ ወይም ራሳችሁ ጀማሪ መምህር ናችሁ። ቤታችሁ ያለውን ሊስት ዛሬ ማታ አውጡና ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ የልጁ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሎጎው። ያለፈው ዓመት ደብተር ስንት ባዶ ገጽ እንዳለው ቁጠሩ። ከዚያ እናታችሁን ስብሰባው ላይ ያንን ወረቀት አስይዛችሁ ላኳቸው። እኛ ልከናል፤ መልሱ ምን እንደሆነ ስንሰማ እንነግራችኋለን።

በናንተ ሊስት ላይ ከሁሉም የገረማችሁ ዕቃ ምንድነው? የትምህርት ቤቱን ስም ሳትጠቅሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። መምህር የሆናችሁ ደግሞ ሊስቱ ሲጻፍ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የናንተን መልስ በተለይ እንፈልገዋለን።