«አለ» ማለት የት አለ ማለት ነው?

በቴሌግራምና በፌስቡክ ዕቃ የምትሸጡ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። «አለ» የምትሏትን ቃል እስቲ አብረን እንያት።

አዲስ አበባ ሁለት፣ ደብረ ብርሃን አንድ ሱቅ ያለው ነጋዴ እንውሰድ። ሦስት የውኃ ፓምፕ ቀርቶታል፤ ሦስቱም መርካቶ ናቸው። ገጹ ላይ «አለ» ይላል። በድምሩ ሲታይ እውነት ነው። ለአንኮበር ገበሬ ግን ውሸት ነው። ሰውየው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ሲደርስ «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን፣ ሌላ ቀን ና» ይባላል። የመኪናውንና የባከነውን የሥራ ቀን ማን ይክፈለው?

መፍትሔው ትልቅ ሶፍትዌር አይጠይቅም። ሱቆቻችሁን ገዢው ሊደርስባቸው በሚችለው መጠን መድቡ። አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ሱቆች ለገዢው እንደ አንድ ናቸው፤ አንዱ ጋ የጠፋውን ከሌላው በባጃጅ ማምጣት ይቻላላ! አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ግን 130 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ አንድ ላይ አይደመሩም። ስለዚህ እንዲህ ጻፉ፦ «ደብረ ብርሃን 0፤ አዲስ አበባ 3፣ ካዘዙ በሁለት ቀን ይደርሳል»። ቀብድ የተከፈለበትን፣ ለናሙና የተሰቀለውንና የተበላሸውን ከቁጥሩ አውጡ። ጠዋትና ማታ ቁጥሩን የሚያስተካክል አንድ ሰው መድቡ።

«0 ብዬ ከጻፍኩ ገዢ ይሸሻል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አንዳንዱ ይሸሻል። በከንቱ የተመላለሰው ግን እሱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል። የአገራችን ገበያ በወሬ ነው የሚቆመውም የሚወድቀውም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለእኔ «የት ነው ያለው?» የሚለውም ከዚሁ መቆጠር አለበት።

ፓምፕ ሲሆን የሚባክነው ቀን ነው። የሐኪም ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚዞር ሰውስ? የአንድ ከተማ ፋርማሲዎች በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ «እኛ ጋ ኢንሱሊን አለ፣ እናንተ ጋስ?» ቢባባሉ ስንት እግር ያርፍ ነበር!

ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ብራችን በሰከንድ ይደርሳል። ወሬውም እንደ ብሩ ይፍጠን እንጂ። ሱቅ ያላችሁ፣ ይህን ለመጀመር ምን ያግዳችኋል? ኮመንት ላይ እንነጋገር።